የማንም ድርሻ ያልሆነች ቁራሽ መሬት

እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች አካፋ የሚይዙበት እጅ እንደማይተርፋቸው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ «እጅ ለእጅ ተያይዘን» ሲል ስሰማ፣ ስሰማም ሳጨበጭብ ኖሬ፣ አንድ ቀን ነገሩን በዓይነ ኅሊናዬ ሣልኩት። ሰልፍ ሠርተን ቆመናል። ቀኝ እጄን አንዱ ይዞታል፤ ግራ እጄን ሌላው ይዞታል፤ የእነሱንም እጅ እንዲሁ ሌሎች ይዘውታል። ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ተያይዘን ስናበቃ፣ ጉድጓዱን ማን ይቆፍረው?

ስለዚህ «ከተማ የሚያድገው ነጋዴውና መንግሥት ሲተባበሩ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ልክ ነህ እለዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ እጃችሁን ልቀቁና መሬቱን እዩት እለዋለሁ። ሰውየው ቀልድ ይመስለዋል። የጋሽ እንየውን ነገር ስለማያውቅ ነው።

የምኖረው በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለች ከተማ ነው። ስሟን አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አውቶቡስ ውስጥ ተኝታችሁ አልፋችኋት ይሆናል። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡት ፈረንጆችም አያውቋትም። እነሱ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ይበራሉ፤ እኛ እነሱን ለማየት ደጃፍ ላይ እንቆማለን። ጭላዳው እንኳ ከእኛ የተሻለ ጎብኚ አለው። ከተማ ያልኳትም ወግ ደርሶን ነው። የራሷ ማዘጋጃ ቤት ካገኘች ወዲህ «መንደር» ብሎ የጠራት ሰው በክፉ ዓይን ይታያል።

የንግድ መንገዳችን አንዲት ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ትነሣና ቁልቁል ወርዳ አስፋልቱ ላይ ታበቃለች። ከላይኛው ጫፍ የአቶ ፈንታ የሲሚንቶና የቆርቆሮ መደብር ነው፤ አቶ ፈንታ የነጋዴዎች ሰብሳቢም ናቸው፣ ማለትም ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚናደዱት እሳቸው ናቸው። ከመካከል የእኔ ሻይ ቤት አለ። ከታችኛው ጫፍ፣ አስፋልቱ አጠገብ፣ የጋሽ እንየው የመጻሕፍት ቤት ነበር።

«ነበር» የምትለዋን ቃል እንደ ዋዛ እንዳታልፏት። ይህ ሁሉ ወሬ የሚወራው በእሷ የተነሣ ነው።

ጋሽ እንየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣሉ፤ መጻሕፍት ግን አይሸጡም፣ ያከራያሉ። ደግሞስ ቢሸጡ ማን ይገዛቸዋል? ግማሾቹ ሽፋን የላቸውም። የመጨረሻ ቅጠል ያለው መጽሐፍማ በቤታቸው ብርቅ ነበር። ከስንት እጅ ዞረው ዞረው የመጡ ስለሆኑ ጭራቸው ተቆርጦ ነው የሚደርሱን። የት ሄደ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሻይ ቤት ያላት ሴት ስኳርና በርበሬ በምን ተጠቅልሎ እንደሚሸጥ ታውቃለች። እናም ጋሽ እንየው ደንብ አወጡ። መጽሐፉን አንብበህ ስትመልስ፣ የጎደለውን መጨረሻ እሳቸው በቃል ይነግሩሃል።

እኔ ከመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የወጣሁ ሴት ነኝ። የቀረውን ያስተማሩኝ እነዚያ ጭራ የሌላቸው መጻሕፍት ናቸው። አንዱን ስመልስ ከበርጩማዬ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ጋሽ እንየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይነግሩኛል። እንዴት እንደሚነግሩ! ከመጽሐፉ ይልቅ የእሳቸው ጭራ ይጥማል። አንድ ጊዜ ታዲያ ቅቤ ነጋዴዋ ጥሩወርቅና እኔ አንድ መጽሐፍ ተራ በተራ አንብበን ስናወጋ ልንጣላ ደረስን። እኔ ሰውየው በወባ ሞተ እላለሁ፤ እሷ «ምን ያሟርትሻል አንቺ! ተጋብተው መንታ ወልደዋል» ትለኛለች። ተያይዘን ሄደን ጠየቅናቸው። ጋሽ እንየው ምንም ሳያፍሩ፣ ጥሩወርቅ በቀጠሮዋ መልሳለች፣ የሺ ግን፣ እኔን ማለታቸው ነው፣ አዘግይታለች፤ ለዘገየ ሰው ጀግናው ይሞታል፣ አሉን። የመጨረሻውን ቅጠል እሳቸውም አይተውት አያውቁም ነበር ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ በእኔ ስንፍና የሞተ ሰው የለም። ቀጠሮዬን እንደ ጾም ነበር የማከብረው።

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። መንገዳችን አንድ ጠላት ነበራት፤ ክረምት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጋራ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ስላልተበጀለት በመንገዱ መካከል እንደ ሙሽራ ሲፈስስ ይከርም ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ «ነጋዴው ደጃፉን ያልማ» ይላል። ነጋዴው «ግብሩን እኛ ከፍለን፣ ጭቃውንም እኛ አቡክተን!» ይላል። ውሃው ይህን ሁሉ እየሰማ ይወርዳል።

በመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ «ቅንጅታዊ አሠራር» የምትል ነገር ይዘው መጡ። ቃሏን በጣም ወደዷት መሰለኝ፤ አፋቸው ውስጥ እንደ ከረሜላ ሲያገላብጧት ዋሉ። ፍሬ ነገሩ ግን ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ነበር እላለሁ። እያንዳንዱ ነጋዴ በየደጃፉ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሮ በድንጋይ ይገነባል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ውሃውን ከአስፋልቱ ሥር አሳልፎ ወንዝ የሚጥል ቱቦ ይቀብራል። መንገዱ ደረቅ ሲሆን አውቶቡሱ ይቆማል፤ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ይወርዳል፤ ሰው ሲወርድ ይበላል፣ ይገዛል፣ ምናልባትም ፈረንጁ ራሱ አንድ ቀን ይወርድ ይሆናል። አቶ ፈንታ ተነሥተው፣ የንግዱ ኅብረተሰብ ድርሻውን ቀድሞ እንደሚጨርስ ቃል ገቡ። ኃላፊውም ማን ከማን ያንሳል ብለው የመንግሥት ድርሻ ከዚያ በፊት ያልቃል አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጭብጨባው ሲበርድ ጋሽ እንየው እጃቸውን አወጡ። «ቦይ በየደጃፍ አይቆፈርም» አሉ። «ሁላችን በወንፈል እንውጣ፤ ከታች፣ ከወንዙ እንጀምርና አንድ መስመር ይዘን ወደ ላይ እንቆፍር። አንድ ቀን የእኔን ደጃፍ፣ አንድ ቀን የአቶ ፈንታን። ማዘጋጃ ቤቱም አብሮን ይውጣ።»

አቶ ፈንታ ፈገግ ብለው፣ «ጋሽ እንየው፣ እዚህ እኮ ከተማ ነው። ወንፈል ለአጨዳ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊውም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አስቆኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

እንግዲህ እዩት። በዚያ መንገድ ላይ ካለነው ነጋዴዎች የገበሬ ልጅ ያልሆነ የለም። አባቶቻችን በአንድ ፈሰስ የተነሣ ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ እያየን ነው ያደግነው። ፈሰስ ማለት ከማሳ የሚወጣው ውሃ መሄጃ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ፈሰሱን ሲያወጣ ከታች ያለውን ሳያማክር አያወጣም። ካላማከረው ዱላ አለ። ይህን ከእናት ጡት ጋር ጠብተን አድገን፣ ቆርቆሮ ቤት ገብተን ማስታወቂያ ስንሰቅል ጊዜ ረሳነው። የከተማ ሰው ለመሆን ከምንጥለው ነገር መጀመሪያ የጣልነው የሚጠቅመንን ነው።

ቁፋሮው ተጀመረ። የከተማ ሰው ደጃፉን እንዴት እንደሚጠርግ አይታችኋል? ውሃ ረጨት አድርጎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ጠርጎ፣ ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ አቁሞ ይመለሳል። ቦዩንም የቆፈርነው እንደዚያው ነው። አቶ ፈንታ ጥልቀቱን ከእንቅብ ሳያበልጡ በሲሚንቶ እንደ መስተዋት አስለሰኑት። ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ደንበኛ እንዳይወድቅበት ብሎ አጠበበው። ከእኔ በላይ ያለው እህል ነጋዴ አህያ እንዲሻገርበት ብሎ ግማሹን መልሶ ሞላው። የእኔ ደግሞ ደንበኞቼ የሚቀመጡባትን ትልቅ ድንጋይ ላለመንካት ወገቧን ሰበር አድርጋ ታልፋለች። በደጃፍና በደጃፍ መካከል ያለውን መተላለፊያማ ማን ነክቶት! የማን ነውና? በደንቡ ልክ የቆፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የጋሽ እንየው ቦይ ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ፣ ድንጋዩ የተደረደረ ነበር። በኋላ የጎዳቸውም ይኸው ነው፤ የሁላችንም ውሃ ተሰብስቦ የሚያርፍበት ምቹ ቦታ ሆነ።

ማዘጋጃ ቤቱም ቱቦውን ቀበረ። ጥሩ ቱቦ ነው፤ ሰው አጎንብሶ ያልፍበታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የነጋዴውን ድርሻ የለካው ሰው የጋሽ እንየው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ሜትሩን ጠቀለለ። የመንግሥትን ድርሻ የለካው ሰው ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀመረ። በሁለቱ መካከል አንዲት አህያ ብትጋደም የምትሞላት መሬት ቀረች። ያልተቆፈረች፣ የማንም ያልሆነች። ውሃው የጋሽ እንየውን ቦይ ሲጨርስ ቱቦውን ፊት ለፊት እያየ የሚቆምባት ግድብ ማለት ናት።

ጋሽ እንየው መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። በደጃፍ በኩል ያለው የነጋዴው ድርሻ ነው ተባሉ። አቶ ፈንታ ዘንድ ሄዱ። በአስፋልት በኩል ያለው የመንግሥት ድርሻ ነው ተባሉ። ተመልሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዱና፣ እንግዲያው እኔ ራሴ ልቆፍራት አሉ። «ኧረ ጋሽ እንየው! የመንግሥት መሬት ያለ ፈቃድ መቆፈር ያስጠይቅዎታል» ተባሉ። ቅድም የመንግሥት አልነበረችም፤ አካፋ ሲያሳይዋት የመንግሥት ሆነች። አቶ ፈንታ ደግሞ በሌላ በኩል መጥተው፣ «ይተዉ ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ ቢቆፍሯት ነገ ሁላችንንም ከድርሻችሁ አልፋችሁ ቆፍሩ ይሉናል። አያስለምዱብን» አሏቸው። ጋሽ እንየው ሻይ ቤቴ መጥተው ቁጭ አሉና፣ «የሺ፣ በሕይወቴ እንደዚች ቁራሽ መሬት ብዙ ጠበቃ የቆመለት መሬት አላየሁም» አሉኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ ገና ያስቅ ነበር።

ምረቃው የተደረገው በበጋ ነው፤ ሁሉም ቦይ የሚያምርበት ወራት። ድንኳን ተተከለ፤ ሪባን ተወጠረ። መምሬ አለባቸው ጸሎት አደረሱና፣ «ዝናቡን የምሕረት ዝናብ ያድርግልን፤ አብዝቶ፣ አትረፍርፎ ያዝንብልን» ብለው ባረኩ። ለገበያ የመጣው ገበሬ «አሜን!» ብሎ ድንኳኑን አነቃነቀው። ነጋዴው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ፈንታ በጎን «በልኩ ነው እንጂ አባታችን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።

ከዚያ ቦዩ ይሞከር ተባለና ከላይኛው ጫፍ አንድ ጀሪካን ውሃ ተደፋ። ውሃው በአቶ ፈንታ ሲሚንቶ ላይ እየዘለለ ሄደ። ልብስ ሰፊው ደጃፍ ሲደርስ ደረቁ አፈር አፉን ከፍቶ ጠበቀው። ሕዝቡ ቁልቁል አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ወደ ታች የሚመጣ ነገር የለም። ኃላፊው ግን መላ አላጡም፤ ማይኩን ይዘው፣ «እንደምትመለከቱት፣ ጎርፉን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ተችሏል!» አሉ። አጨበጨብን። ከጎኔ የቆሙት ጋሽ እንየው ብቻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «እኔ ዘንድ ያልደረሰው ቀኑ ስላልደረሰ ነው» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ በምርቃት ቀን አያሟርቱ!» ብዬ ተቆጣኋቸው። እኔ! እሳቸውን!

ቀኑ ሐምሌ ገባ ሲል ደረሰ። ገበያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነው። በስሜን በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ከጋራው የተነሣው ጎርፍ መንገዳችን ላይ ሲገባ የተማከረ ይመስል ነበር። ከአቶ ፈንታ መስተዋት ላይ ተንሸራቶ ፍጥነት ጨመረ፤ ከልብስ ሰፊው ጠባብ ቦይ ወጥቶ ወደ መንገድ ዘለለ፤ የእህል ነጋዴውን ድልድል ይዞት ሄደ፤ የእኔን ድንጋይ ዞሮ አለፈ። ሽንኩርት፣ አንድ እግር ጫማ፣ እንቅብ፣ አንዲት ነፍሷ ያልወጣ ዶሮ ይዟል። ይህ ሁሉ የጋሽ እንየው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ወደ ቱቦው ሊያልፍ ሲል ያቺን ቁራሽ መሬት አገኘ፤ ቆመ፤ ዞረ፤ በራቸው ክፍት ነበር፣ ገባ።

የከተማው ሰው ክፉ አይደለም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይቆጨኝም። ሁሉም ሱቁን ጥሎ ሮጠ። አቶ ፈንታ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቀድመው ገቡ። ኃላፊው ከነኮታቸው መጡ። ከጋሽ እንየው ሱቅ እስከ ሻይ ቤቴ ድረስ ተሰለፍንና አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ዕቃ ማውጣት ጀመርን። እጅ ለእጅ ተያያዝን፣ በመጨረሻ። ነጋዴ፣ መንግሥት፣ ገበሬ፣ ቄስ ሳይል፣ ያ ሁሉ ስብሰባ ሲመኘው የነበረው ቅንጅታዊ አሠራር ያን ቀን ተገኘ።

ታዲያ ምን አወጣን መሰላችሁ? ደብተር። አዲሱ፣ የሚያብለጨልጨው ደብተር ከላይ መደርደሪያ ላይ ነበርና ዓይናችን መጀመሪያ እሱን አየ። የሚከራዩት መጻሕፍት ያሉት ከታች ነው፤ አንባቢ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲያገላብጣቸው ብለው ነበር እዚያ የደረደሯቸው። ጋሽ እንየው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው እያመለከቱ አፋቸውን ሲከፍቱ አየኋቸው። በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ማን ይስማቸው። በኋላ ነው ሲሉ የነበረውን ያወቅሁት። «ከታች! ከታች ጀምሩ!» ነበር የሚሉት።

ሁለት ጊዜ ከታች ጀምሩ አሉን፤ አንድ ጊዜ በአዳራሽ፣ አንድ ጊዜ በጎርፍ። ሁለቱንም ጊዜ አልሰማናቸውም። ያልተጻፈበትን ወረቀት በሙሉ አዳንን፤ የተጻፈበትን ውሃ በላው።

ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር መጻሕፍቱን አግዳሚዎቼ ላይ አሰጣኋቸው። እንደ ሊጥ አብጠው ነበር። ቅጠሉ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ፣ አንዱን ገልጬ ላነብ ስል ሁለቱም ይቀደዳሉ። ደንበኞቼ ቆመው ሻይ ጠጡ፤ አንድም ሰው አግዳሚው ይለቀቅልኝ ያለ የለም። እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር።

ኃላፊውና አቶ ፈንታ አብረው መጥተው ጋሽ እንየውን አጽናኑ። መቼስ ሳይናገሩ አይሄዱም፣ ኃላፊው የመንግሥት ድርሻ መቶ በመቶ መጠናቀቁን አስታወሱ። አቶ ፈንታም የንግዱ ኅብረተሰብ ድርሻ እንዲሁ መጠናቀቁን አከሉ። ጋሽ እንየው ረጋ ብለው፣ «እውነታችሁን ነው፣ ሁላችሁም ጨርሳችኋል። ያላለቅሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔንም ውሃው ጨረሰኝ» አሏቸው።

ጎንደር ያለችው ልጃቸው መጥታ ልትወስዳቸው ሆነ። በዋዜማው አንድ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ፤ ጎርፉ ሲመጣ እኔ ቤት ስለነበረ የተረፈ። የፍቅር ታሪክ ነው። ልጁና ልጅቱ ይዋደዳሉ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ግን ሰርጉ በማን ደጃፍ ይሁን በሚል አይስማሙም፤ ሽማግሌ እየተመላለሰ ሳለ ቅጠሉ ያልቃል። ቀጠሮዬ አላለፈም፣ መጨረሻውን ይንገሩኝ አልኳቸው። ጋሽ እንየው መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡት፤ ዳበሱት፤ መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩት። «አሁን አይደለም የሺ። ቦዩ ሲያልቅ መልሽልኝ፤ መጨረሻውን ያን ጊዜ እነግርሻለሁ» አሉ።

ባያልቅስ አልኳቸው።

«እንግዲያው ረጅም መጽሐፍ ነው የተከራየሽው» አሉኝ። ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያቺን መሬት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ግማሹ ከነጋዴው፣ ግማሹ ከማዘጋጃ ቤቱ። ኮሚቴው ሻይ ቤቴ እየተቀመጠ ያጠና ስለነበር ሥራውን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ አንዳንዱ ሻዩን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። ኃላፊው ተዛወሩ፣ አዲስ መጡ፣ እሳቸውም ተዛወሩ። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ጥናቱ ከአዲስ ተጀመረ። አልፎ አልፎ ጎንደር ደውዬ ለጋሽ እንየው እነግራቸዋለሁ። «እና ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» ይሉኛል፤ የመጽሐፉን ልጆች ማለታቸው ነው። ሽማግሌው እየተመላለሰ ነው እላቸዋለሁ።

የመጻሕፍት ቤቱን አንድ የላስቲክ ቦቲና የጃንጥላ ነጋዴ ተከራየው። ብልህ ሰው ነው፤ ከእኛ መንገድ የሚጠቅመውን አውቆ ነው የመጣ። ደግሞም ገና ከመግባቱ የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ወገብ አሳከለው። ውሃው በክረምት መጣ፤ የለመደውን በር አጣው፤ ቆመ፣ አሰበ፣ አስፋልቱን በላዩ ተሻገረ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ የማን ግቢ ያለ ይመስላችኋል? የማዘጋጃ ቤቱ። ስንት ዓመት እኛ አቤት ያልንበትን ጉዳይ ውሃው በግንባር ቀርቦ አስረዳ። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ እግራቸውን ሰቅለው ተቀምጠው ተገኙ አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም ወጣ። ኃላፊው አካፋ፣ አቶ ፈንታ ዶማ ይዘዋል። ከታች ተጀመረ። ያቺ ቁራሽ መሬት፣ ስንት ስብሰባ የተበላባት መሬት፣ ጠዋት ተነክታ ለምሳ አለቀች። አፈሯ እንዴት ያለ ለስላሳ መሰላችሁ! ድንጋይ እንኳ የላትም። ከዚያ ወደ ላይ እያሉ የእኔን ድንጋይ አነሡ፣ የእህል ነጋዴውን ድልድል አፈረሱ፣ የአቶ ፈንታን መስተዋት ራሳቸው አቶ ፈንታ በዶማ ሰበሩት። ሻይ አፍልቼ ወሰድኩላቸው። አንዳቸውም ድርሻዬ እስከዚህ ነው አላሉም። ቆሜ ሳያቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ ጭስ ነው አልኳቸው። የቸገረን ጉልበት አልነበረም ለካ። ገንዘብም አልነበረም። ከደጃፋችን አንድ እርምጃ አልፎ መቆም ነው የቸገረን።

ከተማዋም አደገች፤ አልዋሽም። አውቶቡስ ይቆማል። አቶ ፈንታ ፎቅ ሠርተዋል። ፈረንጁም በመጨረሻ ወረደ፤ አስጎብኚውን አስከትሎ መንገዳችንን ላይ ታች አለና፣ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት አለ ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። የቦቲ ነጋዴውን አሳየሁት።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ቦዩ ያለቀ ዕለት ጎንደር ደወልኩ። ጋሽ እንየው ድምፃቸው ቀጥኗል፤ እሳቸው መሆናቸውን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ቦዩ አለቀ አልኳቸው። የምሬን መሆኑን ሦስት ጊዜ አስማሉኝ። ውሃው አሁን በየት ይሄዳል አሉ። በደጃፍዎ አልፎ በቱቦው ወንዝ ይገባል አልኩ። «በደጃፌ?» አሉ። ያኔ የተናገርኩት ታወቀኝ። በቀድሞው ደጃፍዎ አልኩ፤ ይህም ከፊተኛው አልተሻለም።

መጽሐፉን በመኪና ልላክልዎት ወይ አልኩ፤ ነገር ለመቀየር። እዚህ መደርደሪያ የለኝም፣ ማንበብ ለሚወድ ሰው አከራዪው አሉኝ። እሺ፣ ታዲያ ሰውየው አንብቦ ሲመልስ መጨረሻውን ምን ብዬ ልንገረው? ደንቡን ያውቃሉ ጋሼ፣ ቃል ገብተውልኛል አልኳቸው።

«በጣም አዘግይተሻል እኮ የሺ» አሉ። «ለዘገየ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

ደነገጥኩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅኋቸው ልጆች ሊሞቱብኝ ነው። መዘግየቱ የእኔ አይደለም ብዬ ተሟገትኩ። ታዲያ የማን ነው አሉ። እኔም ያለውን ነገርኳቸው፤ ማዘጋጃ ቤቱን ቢጠይቁት የነጋዴው ነው ይላል፣ ነጋዴውን ቢጠይቁት የማዘጋጃ ቤቱ ነው ይላል አልኩ።

ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ያችው የድሮዋ፣ መነጽር ግንባር ላይ ተሰቅሎ የምትመጣዋ ሳቅ።

«እንግዲያው አልሞቱም» አሉኝ። «አልተጋቡምም። ኮሚቴ ተቋቁሞላቸዋል።»